የዕቁቡ ቆርቆሮ እና ሁለቱ ጥያቄዎች

በአገራችን ክሪሚኖሎጂ የሚማር ሰው ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሕክምና የሚማረውን «ሐኪም ልትሆን ነው» እንለውና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ምሕንድስና የሚማረውም እንደዚሁ። «ክሪሚኖሎጂ ነው የማጠናው» ያለ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሰፈሩ ሰው ዓይን መርማሪ ነው፤ ነጭ ጓንት አጥልቆ አስከሬን የሚያገላብጥ፣ በማይክሮስኮፕ ፀጉር የሚያይ፣ ከአንዲት የሲጋራ ቁራጭ ተነሥቶ ገዳዩን የሚለይ። ሰውም አይፈረድበትም። ማታ ማታ የምናያቸው የወንጀል ፊልሞች አንዱን ሰው ሐኪምም፣ ኬሚስትም፣ ፖሊስም፣ የሰው ልብ አዋቂም አድርገው ሲያቀርቡልን ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው በፊልም እንጂ በምድር ላይ የለም። በምድር ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም፣ መሣሪያቸውም፣ የሥራ ቦታቸውም ለየቅል ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። እኔ ሲጎዳ አይቻለሁና እሱን ላውጋችሁ።

የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ ቀጥሎ ምን ላጥና እያልኩ የማወጣና የማወርድበት ጊዜ ነበር። ክሪሚኖሎጂን በሕግ ትምህርት ቤት አንድ ኮርስ ወስጄ ልቤ እዚያው ቀርቷል። አባቴ ደግሞ «ፎረንሲኩ ይሻልሻል፤ የሚጨበጥ ነገር ነው» ይለኛል። እኔም ሁለቱን እየመዘንኩ መጽሐፍ ሳገላብጥ እውላለሁ። ወደ እንጦጦ መውጫ ያለው ሰፈራችን ወሬ አያድርበትም፤ እናቴ ቡና ላይ ያነሳችውን ይዘው ጎረቤቶቻችን «የወንጀል ተማሪዋ» ይሉኝ ጀምረዋል።

የስቅለት ዕለት ሰፈሩ ባዶ ይሆናል። ትልቅ ትንሹ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ውሎ የሚመለሰው ወደ ማታ ነው። የዕቁባችን ገንዘብ ያዥ የሆኑት ጎረቤታችን ከስግደት ሲመለሱ፣ አልጋ ሥር ያስቀመጡት የብስኩት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ አገኙት። ለበዓል እንዲደርስ ታስቦ በማግስቱ ለባለ ዕጣው ሊሰጥ የነበረው ገንዘብ የለም። ኡኡታቸውን ሰምቶ መንደሩ ግቢያቸውን ሞላው። ከጎረምሶቹ አንዱ «ማንም እንዳይነካው፣ አሻራ አለበት!» ብሎ ጮኸና ቆርቆሮውን በፌስታል ሸፈኑት። ወዲያው ሰው ላኩብኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ፤ አንቺ የወንጀል ተማሪ አይደለሽ?»

«እትዬ፣ የእኔ ትምህርት ሌላ ነው። ይህ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ይደወልላቸው።»

«ተደውሏል። እስኪመጡ አንቺ እዪው እንጂ!» አሉና በድንጋጤ እንደሆኑ ቆርቆሮውን ከፌስታሉ መዝዘው ሁለት እጄ ላይ አስቀመጡት። ቃል እስካወጣ እንኳ አልጠበቁም። ክዳኑን ደግሞ ሌላዋ ጎረቤት አንሥታ አቀበለችኝ። ፊቴ የቆመው ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል። የሌባውን ስም እንድጠራ ነው የሚጠብቀው።

ዝም ስል ሌላው ተናገረ። አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው «በአባቶቻችን ጊዜ ቢሆን ሌባሻይ ይጠራ ነበር» አሉ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይሰጠዋል፣ ትምባሆ ያጨሱታል፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይነዳል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዘመናዊው ፍርድ ቤት እየተስፋፋ ሲመጣ ቀረ እንጂ ስንቱ ባልሰረቀው ከፍሏል። ሌላው ጎረቤት ደግሞ አውጫጭኝን አነሡ። በአውጫጭኝ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ይመሰክራል፤ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ጭራሽ ካልተገኘ የጠፋውን መንደሩ አዋጥቶ ይከፍላል።

ሁለቱን ስሰማ ወዲያው ልቤ የያዘው ነገር አለ። ሌባሻይ ምልክት የሌለበት ቦታ ምልክት ይፈልጋል፤ በደነዘዘ ሕፃን እግር ሰው ይኮነናል። አውጫጭኝም ንጹሑን ከአጥፊው ጋር ሜዳ ላይ ስለሚያሳድር ግፍ አለበት። ሆኖም ውስጡ አንድ ዕውቀት ተቀምጧል፤ ወንጀል ከመንደር ውስጥ ይበቅላል፣ መንደሩ ያየዋል፣ መንደሩም ይጠየቅበታል። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዚህ መሀል ነው የልብስ አጣቢዋ ስም የተነሣው። መጀመሪያ ማን እንዳነሣው አይታወቅም። ለበዓሉ የአልጋ ልብስና መጋረጃ ልታጥብ ረቡዕ ዕለት እዚያ ቤት ውላለች። ልጅዋን አዝላ፣ ከቤት ቤት እየዞረች፣ በቀን ገቢ የምትኖር ሴት ናት። አንዱ «እሷ ገብታለች እኮ» አለ፤ ሌላው «አልጋ ሥር ጠርጋለች» አለ፤ ሦስተኛው «የት ነው ቤቷ?» ብሎ ተነሣ። ፖሊሶቹ ደርሰው ባይበትኑን ኖሮ ቤቷ ድረስ ሊሄዱ ነበር። «ማንም ሰው በፍርድ ቤት ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ጽፎታል» እያልኩ ብለፈልፍም የሰማኝ የለም። እኔ የተጠራሁት ስለ መብት እንድናገር አልነበረም።

በማግስቱ የቴክኒክ ምርመራ ባለሙያዎች መጡ። ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ እየነሰነሱ ቆርቆሮውን ሲያዩት ደጅ ቆሜ ተመለከትኩ። ጣታችን ላይ ያለው ላብና ቅባት የነካነው ነገር ላይ ይቀራል፤ ዱቄቱ እዚያ ላይ ሲጣበቅ የጣቱ መስመር ይወጣል። የወጣው ብዙ ነው፤ ከሁሉም ጎልቶ የወጣው ደግሞ የእኔ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ፤ ዐሥሩም ጣቶቼ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ወረቀት ላይ ታተሙ። እናቴ በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ታለቅሳለች። መንደሩ ውስጥ «ተማሪዋንም ያዟት» ተብሎ ተወራ። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ሳይገነጠል ዋለ።

መርማሪው ዕድሜ የጠገቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። አዋርደው አልተናገሩኝም።

«ይኸውልሽ እኅቴ፣» አሉኝ፣ «አሻራ ማን እንደ ነካ ነው የሚነግረኝ። መቼ እንደ ነካ፣ ለምን እንደ ነካ አይነግረኝም። አንቺን የጠራሁሽ የነካሽበትን ምክንያት ስለማውቅ ነው፤ የአንቺንና የቤቱን ሰው አሻራ ለይቼ ሳወጣ የማይታወቅ አሻራ ከቀረ እሱን እከተላለሁ። ነካ ማለትን ሰረቀ ከማለት ጋር የሚያምታታ መርማሪ ንጹሕ ሰው ያሳስራል።»

ያን ቀን ፎረንሲክ ሳይንስ ምን እንደሆነ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ከእሳቸው ገባኝ። ፎረንሲክ ሳይንስ ከተፈጸመ አንድ ድርጊት ይነሣል። ይህ ደም የማን ነው? ይህ ጥይት ከየትኛው ሽጉጥ ወጣ? ይህን ፊርማ የፈረመው ማን ነው? ሟቹ የጠጣው ውስጥ ምን ነበር? ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ ፍርድ ቤት ሕንፃ ላይ በተሰጠው ጠባብ ክፍል የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ፤ በስሙ የሚጠራው መርሕ እንዲህ ይላል፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ከሌላው ይወስዳል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይተዋል። ዛሬ በአገራችን የአስከሬን ምርመራ በሆስፒታል ሲደረግ፣ የፌዴራል ፖሊስ ባለሙያዎችም አሻራና ጥይት ሲያመሳክሩ የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ሥራው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይጠይቃል። ባለሙያው ውጤቱን ጽፎ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመሰክራል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ክብር አጥፊውን መያዙ ይመስለን ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ክብሩ ንጹሑን ማዳኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና፣ ኔኮቼያ በምትባል ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸው ጎረቤቷን ከሰሰች፤ ሰውየው ተይዞ ተሰቃየ። በሩ ላይ ግን በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ፖሊስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሁዋን ቩሴቲች ባዘጋጀው ዘዴ ሲመሳከር አሻራው የእናትዬዋ ሆኖ ተገኘ፤ እሷም አመነች። በእንግሊዝ ደግሞ፣ ሌስተር አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሁለተኛዋን ገድያለሁ ብሎ አምኖ ነበር። ገና በ1984 የዲኤንኤ መለያ ዘዴን ያገኘው አሌክ ጄፍሪስ ናሙናዎቹን ሲያስተያይ፣ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው እንደሆነና ያ ሰውም ያመነው ልጅ እንዳልሆነ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ከ5,000 በላይ ወንዶች ደም ወይም ምራቅ ሰጡ። እውነተኛው ገዳይ በእሱ ስም ሌላ ሰው ደም እንዲሰጥለት አድርጎ ነበር፤ ነገሩ ከመጠጥ ቤት ወሬ ወጥቶ ተያዘና በ1988 ተፈረደበት። ዲኤንኤ በወንጀል ምርመራ ገና ሲጀመር የፈታው ያላጠፋ ልጅ መሆኑን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ግን ይህ ሳይንስም በሰው እጅ ነው የሚሠራው። በጀርመን፣ ሃይልብሮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 አንዲት ፖሊስ ከተገደለች በኋላ የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። ያው ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በ40 ገደማ የወንጀል ቦታዎች መገኘቱ ሲታወቅ ፖሊስ ፊቷ የማይታወቅ ነፍሰ ገዳይ ብሎ ሲያሳድዳት ከረመ። በ2009 እውነቱ ወጣ። ዲኤንኤው ናሙና የሚወሰድበትን ጥጥ ያመርት ከነበረ ፋብሪካ የመጣ የአንዲት ሠራተኛ ነበር። የምትፈለገው ነፍሰ ገዳይ ጭራሹን አልነበረችም። መርማሪው የነገሩኝም ይህንኑ ነው፤ ምልክቱ እውነት ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

አርጀንቲናን ካነሣሁ አይቀር እዚህ ላይ ወደ አገራችን የሚመልሰኝ መንገድ አለ። ቩሴቲች አሻራ ካመሳከረባት ከዚያችው አገር፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች አሉ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ይባላሉ፤ በአገራቸው በወታደራዊው አገዛዝ የተሰወሩ ሰዎችን አጽም ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ቡድን ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ዘመንን ወንጀል ሲመረምር የጅምላ መቃብር በመክፈት ረዱ። ኮተቤ ላይ የወጡት አጽሞች አንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ ነበር። በገመድ ታንቀው መገደላቸውን የሚያስረዳ ምስክር ከመሬት ወጣ። ልጆቻቸው የት እንደደረሱ ሳያውቁ ከኖሩ እናቶች አንዳንዶቹ ቢያንስ የሚቀብሩት አገኙ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቶ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችን ያየ ሰው ፎረንሲክ ሳይንስ ለአንድ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ የተሰቀሉትን የወጣቶች ፎቶግራፎች እያየሁ ግን ገመዱ የማይመልሰው ጥያቄ ያዘኝ። ገመዱ እንዴት እንደ ሞቱ ይናገራል። አብሮ አደግ አብሮ አደጉን እንዴት አሳልፎ እንደ ሰጠ፣ የቀበሌ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ለምን እንደ ጠቆመ፣ ያ ሁሉ ጭካኔ በአንድ ትውልድ ውስጥ በምን እንደ ተዘራ ገመዱ አይናገርም። ያን የሚጠይቅ ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል። ስሙም ክሪሚኖሎጂ ነው።

ክሪሚኖሎጂ ሰዎች ለምን ወንጀል እንደሚፈጽሙ፣ ወንጀል የት እንደሚበዛ፣ ምን እንደሚያበዛውና ምን እንደሚቀንሰው፣ ኅብረተሰቡም ለወንጀል የሚሰጠው ምላሽ ምን እንደሚያስከትል ያጠናል። ላቦራቶሪው መንደሩ፣ ማረሚያ ቤቱና የፍርድ ቤት መዝገብ ቤቱ ነው። መሣሪያው ቃለ መጠይቅ፣ አኃዝና ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትል ነው። ወባን አስቡ። አንዱ ባለሙያ የታመመውን ሰው ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ሌላው ትንኟ የምትራባበትን ረግረግ ፈልጎ ያደርቃል። ፎረንሲክ ደም መርማሪው ነው፤ ክሪሚኖሎጂ ረግረጉን የሚፈልገው።

ይህ ትምህርት አጀማመሩ ያማረ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ ነው፣ በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ይታወቃል አለ። ብዙ ሰው አመነው። «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለው የእኛ ተረትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሌብነት የተፈጥሮ አመል ነው ይለናል። በ1913 እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ ካልታሰሩ ሰዎች ጋር ሲያስተያይ፣ ሎምብሮሶ የዘረዘራቸው የሰውነት ምልክቶች ወንጀለኛን ከሌላው የማይለዩ ሆነው አገኛቸው። ትምህርቱ ያደገው ከራስ ቅል ወደ ኑሮ ሲዞር ነው። ክሊፎርድ ሾው እና ሄንሪ ማኬይ በቺካጎ ፍርድ ቤት የቀረቡ ወጣቶችን መኖሪያ በካርታ ላይ በነጥብ እያመለከቱ ለዓመታት አጠኑ፤ ግኝታቸውን በ1942 አሳተሙ። የሚኖርበት ሕዝብ በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ አንዱ መጤ ሌላውን ሲተካ፣ ጥፋት የሚበዛባቸው ሰፈሮች ግን ያው የነበሩት ሆነው ቀጠሉ። ችግሩ ከዘር ሳይሆን ከሰፈሩ ኑሮ ነበር። ማርቪን ዎልፍጋንግ እና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1945 የተወለዱ 9,945 የፊላደልፊያ ወንድ ልጆችን መዝገብ ተከትለው፣ ከተፈጸመው ጥፋት ከግማሽ በላዩ ከልጆቹ 6 በመቶ ያህሉ ብቻ የፈጸሙት መሆኑን በ1972 አሳዩ። ይህን ያወቀ አገር ሁሉንም ወጣት አፍሶ አያስርም፤ ለጥቂቶቹ በጊዜ ይደርስላቸዋል።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። ሎውረንስ ኮኸን እና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዲህ ብለው ጻፉ፤ ሌብነት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ሰዓት ይገናኛሉ። ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ የሚሰረቅ ነገር፣ የጠባቂ አለመኖር። የእኛን የስቅለት ዕለት በዚህ ዓይን እዩት። ገንዘቡ አልጋ ሥር መሆኑን የዕቁቡ አባል ሁሉ ያውቃል። የሚወጣበት ቀን ይታወቃል። በዓመት ውስጥ መንደሩ ሙሉ ቀን ባዶ የሚሆንበት ዕለት ቢኖር ስቅለት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ሲጠብቁ ነበር፤ የቀረው የተነሣሣው ሰው ብቻ ነው።

እሱም የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ የገንዘብ ያዥዋ የእኅት ልጅ፣ እዚያው ቤት የሚኖር፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ የሚወጣ፣ ሰላምታው የማይጓደል ወጣት፣ ለንስሐ አባቱ ተናገረ። በሽማግሌ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ቤቲንግ ቤት ይገባ ነበር። ደመወዙን በኳስ ውርርድ በልቶ፣ ተበድሮ፣ አበዳሪው በበዓል ሰሞን ሲያስጨንቀው አክስቱ አልጋ ሥር እጁን ሰደደ። ከቤታችን እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ስንት ቤቲንግ ቤት እንደነበረ ሁላችንም እናይ ነበር፤ ማንም ግን «እነዚህ ቤቶች በልጆቻችን ላይ ምን እየሠሩ ነው?» ብሎ ዕድር ላይ አላነሣውም ነበር። አውጫጭኝ የያዘው ዕውቀት ያልኳችሁ ይህ ነው። መንደሩ አይቷል፤ አልጠየቀም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የልጁ አሻራ ቆርቆሮው ላይ በሰፊው ቢገኝ ኖሮ ምንም አያስረዳም ነበር፤ የቤቱ ልጅ ነውና ቆርቆሮውን ሁልጊዜ ይነካዋል። የፎረንሲክ ሳይንስ አቅም እዚያ ላይ ያበቃል። በአንጻሩ የልብስ አጣቢዋ አሻራ ቆርቆሮው ላይ አልተገኘም። ፎረንሲኩ ለእሷ ሊያደርግላት የሚችለውን አደረገ። መርማሪው ራሳቸው «ሴትዮዋን ተዉአት» ብለው ለሰፈሩ ሰው ተናግረዋል። ሰፈሩ ግን አልተዋትም። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የጠራት ቤት አልነበረም። ሌባው ከታወቀ በኋላም ያፈረ ሁሉ ፊቱን አዞረባት፤ የበደሉትን ሰው ማየት ይከብዳልና። እናቴ ቤቷ ድረስ ፈልጋት ሄደች። «እኔ ድሃ ነኝ እንጂ ስም ነበረኝ» ብላ መለሰቻት፤ ወደ ሰፈራችንም አልተመለሰችም።

ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈው ስለዚህ ነበር። አንድን ሰው ወንጀለኛ የሚያደርገው ድርጊቱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች የሚለጥፉበት ስምም ነው፤ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ሥራው፣ ጎረቤቱ፣ ኑሮው ሁሉ በዚያ ስም ይለወጣል። ኤድዊን ሰዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1939 ለአሜሪካ የሶሺዮሎጂ ማኅበር ባደረገው ንግግር፣ ወንጀልን ከድህነት ጋር ብቻ ማያያዝ የተከበሩና ኮት የለበሱ ሰዎች በሥራቸው ላይ የሚፈጽሙትን ወንጀል እንደሚሰውር አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ግቢ ውስጥ የቆምነው ሁሉ ዓይናችንን በነጠላ ጫማዋ ላይ ስንተክል፣ የተተኮሰው ሸሚዝ አጠገባችን ቆሞ ከእኛው ጋር ያዝን ነበር። ይህን የሚያስተምር አጉሊ መነጽር የለም።

እኔ ከዚያ ፋሲካ በኋላ ክሪሚኖሎጂን መረጥኩ። የመረጥኩት ይበልጣል ብዬ አይደለም። መርማሪው ባይኖሩ፣ ዱቄቱና ብሩሹ ባይኖር ያቺ ሴት እስር ቤት ትገባ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ ግን ማን ነካው የሚለው አልነበረም። ለምን ያቺን ሴት ጠረጠርን? ያን ልጅ ምን እዚያ አደረሰው? የሚለው ነበር።

ለእናንተም፣ ሁለቱን እያማረጣችሁ ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። የወንጀል ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣውን ጥያቄ አዳምጡ። «በምን ታወቀ? ማስረጃው ምንድን ነው?» የሚል ከሆነ ኬሚስትሪና ባዮሎጂያችሁን አጠናክሩ፤ ትዕግሥት ያለው እጅና ያየውን ብቻ የሚናገር አንደበት ያስፈልጋችኋል፤ ፎረንሲክ ሳይንስ ይጠብቃችኋል። «ለምን ሆነ? እንዳይደገም ምን ይደረግ?» የሚል ከሆነ ሶሺዮሎጂ፣ ሥነ ልቦና፣ ሕግና ስታትስቲክስ ተማሩ፤ ከታራሚም ከተበዳይም ጋር ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋችኋል፤ ክሪሚኖሎጂ የእናንተ ነው። ክሪሚኖሎጂ ተምራችሁ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ስም እንድትጠሩ ሲጠይቋችሁ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ማለት ግዴታችሁ ነው። ፎረንሲክ ተምራችሁም «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲሏችሁ ከናሙናው በላይ አትናገሩ።

ለሰፈሬ ሰዎችና ለሰፈራችሁ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዕቃ ሲጠፋ አትንኩት፤ ለባለሙያው ተዉት። ስም አትጥሩ፤ ለፍርድ ቤት ተዉት። ለማንም የማይተወው የእናንተ ሥራ ሌላ ነው፤ የዕቁብ ገንዘብ አልጋ ሥር አይደር፣ ባንክ ይግባ፤ የቤቲንግ ቤቱ ነገር ዕድር ላይ ይነሣ፤ በሐሰት የተጠረጠረ ሰው ሲገኝ ይቅርታው እንደ ሐሜቱ ሁሉ በአደባባይ ይነገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ገና በአንቀጽ 1 ዓላማው ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል መሆኑን ያስቀምጣል። መከላከል ደግሞ ላቦራቶሪ ሳይደርስ፣ ከመንደር ይጀመራል።